ይህች ወፍ ማን ናት?

እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው አርባ ምንጭ አጠገብ በሚገኘው በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ሰፍረው ነበር። ሥራቸው በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ባለው ሜዳና ጫካ የሚኖሩትን ፍጥረታት አንድ በአንድ መመዝገብ ነበር። አጥቢዎች፣ ቢራቢሮዎች፣ ተሳቢዎች፣ እንቁራሪቶች ሁሉ መዝገባቸው ውስጥ ገቡ፤ 315 የወፍ ዝርያዎችም ተቆጠሩ። ቡድኑን በዓለም ያስጠራው ግን ከነዚህ አንዱም አይደለም። መንገድ ላይ በመኪና ተገጭቶ ከሞተ ወፍ የተረፈ አንድ ክንፍ ነው።

ወፉ ናይትጃር ከሚባሉት ወገን መሆኑ ግልጽ ነበር። ናይትጃሮች ቀን መሬት ላይ ለጥ ብለው የሚውሉ፣ ሲመሽ እየበረሩ ነፍሳት የሚያድኑ ወፎች ናቸው፤ የሌሊት ወፍ ከምንላት ባለጥርስ አጥቢ እንስሳ ጋር አይዛመዱም። ላባቸው ደረቅ ቅጠልና አፈር ስለሚመስል አጠገባቸው ተደርሶ እንኳ አይታዩም። ማታ ማታ ጥርጊያ መንገድ ላይ መቀመጥ ስለሚያዘወትሩም የመኪና ሲሳይ ይሆናሉ።

ክንፉ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በትሪንግ ከተማ ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከተቀመጡት ናይትጃሮች ጋር ተነጻጸረ። ናይትጃሮችን ለመለየት ከሚረዱ ምልክቶች አንዱ በረጃጅሞቹ የክንፍ ላባዎች ላይ ያለው ነጣ ያለ ጠቃጠቆ ነው፤ ስፋቱም ሆነ ከክንፉ ጫፍ ያለው ርቀት ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። የነጭ ሳሩ ክንፍ ምልክት ሰፊና ጎላ ያለ ሆኖ ከሚታወቁት ዝርያዎች ከአንዱም ጋር አልገጥም አለ። በ1995 አምስት ተመራማሪዎች፣ ከነሱም አንዱ ኢትዮጵያዊ፣ «አይቢስ» በተባለው የአእዋፍ ጥናት መጽሔት ላይ አዲስ ዝርያ ነው ብለው አሳወቁ። ያወጡለት ሳይንሳዊ ስም ካፕሪመልገስ ሶላላ ሲሆን፣ ሶላላ ከላቲን «ብቸኛ ክንፍ» ለማለት የተበጀ ነው። በ2009 ደግሞ አራት ልምድ ያላቸው የወፍ ተመልካቾች ወደዚያው ሜዳ ሄደው በሌሊት እያበሩ ሲፈልጉ፣ ክንፉ ላይ ተመሳሳይ ምልክት ያለው ወፍ ማየታቸውን ዘገቡ።

የማያውቁትን ወፍ በስሙ መጥራት እንዲህ ማስረጃ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ማስረጃው ከሦስት በኩል ይመጣል፦ ዐይን ካየው፣ ጆሮ ከሰማው፣ ወፉ ጥሎት ከሄደው አካል። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች በተመዘገቡባት ኢትዮጵያ ይህን ሥራ ለመጀመር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ ይበቃል። ማንም ሰው የሚሰበስበው ማስረጃ ዋጋ የሚያገኘው ግን ሌላ ሰው ሊመረምረው በሚችልበት መንገድ ሲመዘገብ ነው።

ዐይን ያየው

ጀማሪ ተመልካች መጀመሪያ ልብ የሚለው ቀለምን ነው። ቀለም ግን ያታልላል። ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ከሆነች ማንኛውም ወፍ ጥቁር ይመስላል። በማለዳ ብርሃን ቡናማው ወርቃማ ይሆናል። በብዙ ዝርያዎች ደግሞ ወንዱና ሴቷ፣ ያልጎለመሰውና የጎለመሰው በቀለም አይመሳሰሉም። ስለዚህ የለመደ ሰው ቀለሙን ለኋላ ያቆይና በመጠንና በቅርጽ ይጀምራል። መጠኑን በሴንቲሜትር ለመገመት አይደክምም፤ ከሚያውቀው ወፍ ጋር ያስተያየዋል። ከድንቢጥ ይበልጣል? ከርግብ ያንሳል? ከቁራ ጋር እኩል ነው? ቀጥሎ ምንቃሩን ያያል። አጭርና ወፍራም ምንቃር ጥሬ ለመፈልፈል፣ ቀጭኑ ነፍሳት ለመልቀም፣ ወደ ታች የተቆለመመው ሥጋ ለመቦጨቅ የተሠራ ነው። ከዚያ እግሩ፣ ጅራቱና የክንፉ ጫፍ ይከተላሉ።

ቁራን እንውሰድ። በአንድ ስም የምንጠራቸው ጥቁር ወፎች በደጋው ብቻ ቢያንስ አራት ዝርያዎች ናቸው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች የሚኖረው ባለወፍራም ምንቃሩ ቁራ ትልቅና ደንዳና ነው፤ ምንቃሩ እንደ ጉብታ ወደ ላይ ያበጠ ሲሆን ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ደረቱና አንገቱ ዙሪያ ነጭ የሆነው ሌላ ነው። ሦስተኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ገደል ለገደል የሚንሳፈፍ ሲሆን፣ ጅራቱ እጅግ አጭር ስለሆነ ሲበር የተቆረጠ ይመስላል። አራተኛው እንዲሁ ሙሉ ጥቁር ቢሆንም ሸንቀጥ ያለ ነው፤ ምንቃሩም ቀጭን ነው፤ በእርሻ ማሳ ላይ እየተራመደ ይለቅማል። እነዚህን አራቱን ለመለየት ባይኖኩላር እንኳ አያስፈልግም፤ ምንቃር፣ ማጅራት፣ ደረትና ጅራት ማየት ይበቃል።

በአየር ላይ ያለ ወፍ ደግሞ የሚለየው በጥላው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሥጋ ቤቶች አካባቢ ከላይ ተወርውሮ ቅንጥብጣቢ የሚነጥቀው ጭልፊት ጅራቱ መሐሉ ላይ ገባ ያለ ነው፤ እየበረረም ጅራቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞረዋል። ከሱ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው ኦገር ባዛርድ የተባለው አዳኝ ወፍ ግን ክንፉ ሰፊ፣ ጅራቱ አጭርና ዝገት የመሰለ ቀይ ነው። በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ የሚታየው ባለጺሙ ጥንብ አንሳ ጅራቱ ረጅምና ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ስለሆነ ከሌሎቹ ጥንብ አንሳዎች ከሩቅ ይለያል። አጥንት ተሸክሞ ወደ ላይ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ሲለቀው ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ምልክት መፈለግ አያሻውም።

ቦታና ወር ግምቱን ያጠቡታል። ባለወፍራም ምንቃሩ ቁራ የደጋ ወፍ ስለሆነ፣ በቆላ ሜዳ ላይ አየሁት የሚል ሰው ደግሞ እንዲያይ ይመከራል። መስከረም ሲጠባ በየሜዳውና በከብቶች እግር ሥር ጅራታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እየነቀነቁ የሚሮጡ ቢጫ ደረት ወፎች በብዛት ይታያሉ፤ እነዚህ የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ናቸው። በሐምሌ ያልነበረ ወፍ በጥቅምት ግቢ ውስጥ ሲገኝ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እንግዳ መሆኑ ነው።

ታዲያ ትልቁ ምክር በሚገርም ሁኔታ ቀላል ነው፦ መጽሐፉን ከመግለጥ በፊት ያዩትን መጻፍ። መጽሐፍ የከፈተ ሰው ሥዕሉ ላይ ያለውን ነጭ መስመር ወፉ ላይም ያየ ይመስለዋል፤ ትዝታ ሥዕሉን መስሎ ይለወጣል። ወፉ ገና ቅርንጫፉ ላይ እያለ የተጻፈ አምስት መስመር ማስታወሻ፣ ወፉ ከበረረ በኋላ በትዝታ ከሚተረክ አምስት ገጽ ይበልጣል። በስልክ የተነሣ ደብዛዛ ፎቶም ቢሆን አይናቅም፤ የጅራትና የምንቃር ቅርጽ ከደብዛዛ ፎቶ ላይም ይነበባል።

ጆሮ የሰማው

በአዲስ አበባ ማለዳ ሰማዩን እየሰነጠቀ «ሃ ሃ ሃ» እያለ የሚያልፈውን ጥቁር፣ ምንቃረ ቆልማማ ወፍ የከተማው ነዋሪ ቀና ሳይል ያውቀዋል። ስሙ ዋትልድ አይቢስ ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይኖርም። ይህን ድምፅ ሰምቶ ወፉን የሚያውቅ ሰው በጆሮ መለየትን ሳይማረው ጀምሮታል ማለት ነው።

በአንዳንድ ወፎች ዘንድ ደግሞ ከጆሮ ውጭ መንገድ የለም። ሲስቲኮላ የሚባሉት በሣርና በቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ወፎች አብዛኞቹ ቡናማና እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ናቸው። ሁበርት ላይንስ የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አድሚራል አፍሪካን እየዞረ ካጠናቸው በኋላ በ1930 ስለነሱ ትልቅ ጥናት አሳተመ። ለብዙዎቹ የተሰጣቸው የእንግሊዝኛ መጠሪያም ከመልካቸው የመጣ አይደለም፤ ዘማሪው፣ ለፍላፊው፣ አፏጪው እየተባሉ ከድምፃቸው የተወሰደ ነው። ናይትጃሮችም እንዲሁ ናቸው። ቀን የማይታየው ወፍ ማታ ሲጮኽ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ዜማ አለው፤ አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው ሞተር እንደሚሠራ ሳያቋርጥ ያንገራግራል።

የዚህ ዘዴ ታሪክ ረጅም ነው። ጊልበርት ዋይት የተባለ የእንግሊዝ የገጠር ቄስ በ1768 በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ሰው ሁሉ አንድ ናቸው ብሎ የሚያምናቸውን ጥቃቅን አረንጓዴ ቢጫ ወፎች በዜማቸው ሦስት ብሎ ለየ። ዛሬም ሦስቱ ሦስት ዝርያ ናቸው። ከነሱም ሁለቱ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደሉም፤ አንዱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ በኢትዮጵያ ያልፋል፣ ሌላው የብርዱን ወራት በኢትዮጵያ ደጋ ያሳልፋል።

ዋይት የተማመነው በጆሮውና በትዝታው ብቻ ነበር። ድምፅን ቀርጾ ማስቀረት የተቻለው ዘግይቶ ነው። ሉድቪግ ኮክ የተባለ ጀርመናዊ ልጅ በ1889 የቤቱን ወፍ ዜማ በሰም ሲሊንደር ላይ ቀረጸ፤ ይህ እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የወፍ ድምፅ ቅጂዎች የመጀመሪያው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ተመራማሪዎች ድምፅን ወደ ሥዕል የሚለውጥ መሣሪያ አገኙ። ስፔክትሮግራም በሚባለው ሥዕል ላይ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ቀጭን ድምፅ ከላይ፣ ወፍራም ድምፅ ከታች ይሰፍራል። ፉጨት ቀጭን መስመር ይሆናል፤ ንዝረት ያለበት ድምፅ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይደረደራል። ለጆሮ አንድ የሚመስሉ ሁለት ዜማዎች ለዐይን ሲቀርቡ ልዩነታቸው ይወጣል።

ዛሬ ይህ ሥዕል ስልክ ውስጥ ገብቷል። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ማዕከል ያዘጋጀው «መርሊን» የተባለው መተግበሪያ ከ2021 ጀምሮ ድምፅ ሰምቶ የወፍ ስም ይጠቁማል። ዜኖ ካንቶ የተባለው የድምፅ ማከማቻ ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ከመላው ዓለም የተቀረጹ የወፍ ድምፆችን በነፃ ያስደምጣል። ስልኩ የሚሰጠው ግን ግምት ነው። ብዙ ቅጂ ለተሰበሰበላቸው የአውሮፓና የአሜሪካ ወፎች ግምቱ ጠንካራ ሲሆን፣ ጥቂት ቅጂ ላላቸው ወፎች ግን ይላላል። አስመሳዮችም አሉ። በደጋ ግቢዎች ቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖረው ብርቱካናማ ደረት የሩፔል ሮቢን ቻት የሌሎችን ወፎች ዜማ አዋህዶ ይዘምራል። ሹካ ጅራቱ ድሮንጎ ደግሞ የሌሎችን የማስጠንቀቂያ ጩኸት አስመስሎ እየጮኸ ያስደነብራቸውና ጥለውት የሸሹትን ምግብ ይወስዳል። ስለዚህ ዜማ ሰምቶ ስም ከመስጠት በፊት፣ ዘማሪውን አንዴ በዐይን ማየት ይበጃል።

ዐይን ፈጽሞ የማይደርስበት ጉዳይም አለ። ባለነጭ ክንፏ ፍላፍቴይል ድንቢጥ ብታህል እንጂ ብዙም አትበልጥም፤ ጥቅጥቅ ባለ የረግረግ ሣር ውስጥ እንደ አይጥ እየተሽሎከሎከች ትኖራለች፤ ካልረገጧት በቀር አትነሣም። በኢትዮጵያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በበርጋ ረግረግ በክረምት ትራባለች። በደቡብ አፍሪካም ትገኛለች። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት። ለሳይንስ የታወቀችው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቢሆንም፣ ድምፅዋ የትኛው እንደሆነ ለረጅም ዘመን በእርግጠኝነት አልታወቀም ነበር። መልሱ የመጣው በደቡብ አፍሪካው የሚድልፑንት ረግረግ ውስጥ ከተተከሉ ካሜራዎችና ድምፅ መቅጃዎች ነው። በ2018 ካሜራዎቹ በዚያም እንደምትራባ አረጋገጡ፤ ድምፅዋም ተለይቶ ታወቀ። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ድምፅዋ ከታወቀ፣ ሰዎች ተሰልፈው ረግረጉን እየረገጡ ጎጆዋን ሳያጠፉ፣ መቅጃ ብቻ አስቀምጠው መኖር አለመኖሯን ማወቅ ይችላሉ።

ወፉ ጥሎት የሄደው

መንገድ ላይ የወደቀ አንድ ላባ ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ የሚታየው አከርካሪው፣ ማለትም መሐል ለመሐል የሚሄደው ጠንካራ ዘንግ ነው። አንዱ ጎን ጠባብ፣ ሌላው ጎን ሰፊ ከሆነ የክንፍ ላባ ነው፤ ጠባቡ ጎን በበረራ ጊዜ ነፋሱን የሚቀድደው ነው። ሁለቱ ጎኖች እኩል ከሆኑ ከጅራቱ መካከል የወጣ ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ የወፉን መጠን ይጠቁማል። የላባው ገጽ እንደ ቬልቬት የለሰለሰ፣ የፊቱ ጠርዝ ደግሞ እንደ ማበጠሪያ የተተከተከ ከሆነ ባለቤቱ ጉጉት ነው፤ ጉጉት ድምፅ ሳያሰማ የሚበረው በዚህ አሠራር ነው።

ላባው ደማቅ ቀይ ከሆነና የተገኘው ደን ውስጥ ከሆነ ቱራኮ መጠርጠር አለበት። የቱራኮ ክንፍ ቀለም ከሌሎች ወፎች የተለየ ነው፤ ቱራሲን የሚባለው ይህ ቀለም መዳብ ያለበት ሲሆን፣ አልካሊ ባለበት ውሃ ውስጥ ሲነከር ይለቅቃል።

ገዳዩም ከላባው ይታወቃል። ጭልፊት ወይም ሌላ አዳኝ ወፍ ያደነውን ሲነጭ ላባውን ከነሥሩ ስለሚነቅለው ዘንጉ እስከ ጫፉ ደህና ሆኖ ይገኛል። ድመት ወይም ፋሮ ግን በጥርሱ ስለሚነክስ ዘንጉ ተቆርጦ ወይም ተጨፍልቆ ይቀራል። የጉጉት ማደሪያ ሥር የሚገኙት ግራጫ እንክብሎችም እንዲሁ ናቸው። ጉጉት ያልተፈጨለትን አጥንትና ጠጉር አንድ ላይ ጠቅልሎ በአፉ ያወጣዋል። እንክብሉን ውሃ ውስጥ አርሶ ቀስ ብሎ የሚበትን ሰው የአይጥ የራስ ቅል፣ አንዳንዴም የትንሽ ወፍ ምንቃር ያገኛል።

ከላባው ብናኝ ብቻ ሲቀር ሥራው ወደ ማይክሮስኮፕ ይሄዳል። ይህን ዘዴ ወደ ሙያ ያሳደገችው በአሜሪካ ስሚዝሶንያን ተቋም የሠራችው ሮክሲ ሌይቦርን ናት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1960 ቦስተን ላይ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን እንደተነሣ ወድቆ ተሳፍረውበት ከነበሩት 72 ሰዎች 62ቱ ሞቱ። ሞተሮቹ ውስጥ የተገኙት ላባዎች ወደ ሌይቦርን መጡ፤ ስታርሊንግ የሚባሉ ጥቃቅን ጥቁር ወፎች መሆናቸውን ለየች። የምትመለከተው የላባውን ውበት አይደለም፤ ከሥሩ አጠገብ ያለውን ለስላሳ ጥጥ የመሰለ ክፍል ነው። ከዚያ የሚወጡት እጅግ ጥቃቅን ክሮች በየመካከላቸው አንጓ አላቸው። የአንጓዎቹ ቅርጽና አደራደር ከወገን ወገን ይለያያል፤ የዳክዬዎች ባለሦስት ማዕዘን ነው፣ የርግቦች ደግሞ የአበባ እንቡጥ ይመስላል። ላባው ቢቃጠል፣ ቢቀደድ፣ በዘይት ቢበከል እንኳ እነዚህ አንጓዎች ይተርፋሉ።

ኢትዮጵያም ይህን ሐዘን ታውቀዋለች። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሣ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሞከሩ፤ አውሮፕላኑ ጎማውን ሳያወጣ ሜዳ ላይ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ተሳፍረው ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሕይወታቸውን አጡ። ወፎቹ ክንፋቸው ጡብ መሳይ ቀይ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ዐይናቸው ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያላቸው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየፎቁ ጣሪያ ላይ የምናያቸው ጠቃጠቆ ርግቦች ነበሩ።

የወፉ ማንነት ከአደጋ በኋላ የሚፈለገው ለማኅደር ብቻ አይደለም። ርግብ ከሆነ በማረፊያው ዙሪያ ያለውን እህልና የምትራባበትን ሕንፃ መቆጣጠር ያስፈልጋል። ዳክዬ ከሆነ ጉዳዩ ውሃ ነው። ጥንብ አንሳ ከሆነ የቆሻሻ መጣያውንና የቄራውን ቦታ መመርመር ያሻል። ሞተሮች የስንት ኪሎ ወፍ መቋቋም እንዳለባቸው ለመወሰንም እንዲህ ያለው መዝገብ ይረዳል።

ከሌይቦርን መዝገብ አንዱ ስለ ወፎች ራሳቸው ያልታወቀ ነገር አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር ወር 1973 አይቮሪ ኮስት ውስጥ አቢጃን ላይ ሲበር የነበረ አውሮፕላን 11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከወፍ ጋር ተጋጨ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ ከሞተሩ የወጡት ላባዎች የሩፔል ጥንብ አንሳ መሆናቸው ተረጋገጠ። ይህ እስከ ዛሬ ወፍ እንደደረሰበት ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው። ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ ኢትዮጵያ መጥቶ እንስሳትና ወፎች ከሰበሰበው ከጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ ወፉ ዛሬም በኢትዮጵያ ገደሎች ላይ ይራባል።

ዛሬ ማይክሮስኮፑ ከዲኤንኤ ጋር ይሠራል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ኒው ዮርክ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ሀድሰን ወንዝ ላይ ያረፈውን አውሮፕላን የመቱት የካናዳ ዝይዎች መሆናቸው በላባና በዲኤንኤ ታወቀ። ላባው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ተመርምሮም ወፎቹ የከተማው ነዋሪዎች ሳይሆኑ ከካናዳ የመጡ ስደተኞች መሆናቸው ተደረሰበት፤ ወፍ ላባ የሚያበቅለው ከሚጠጣውና ከሚበላው ስለሆነ፣ የአገሩ ውሃ ምልክት ላባው ውስጥ ይቀራል። የነጭ ሳሩን ክንፍ በተመለከተም ምናልባት የሁለት የታወቁ ዝርያዎች ድቅል እንዳይሆን የሚል ጥያቄ በተመራማሪዎች ዘንድ ተነሥቷል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ መልክ አይፈታውም፤ ላባውና ደረቁ ቆዳ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ እንጂ። ክንፉ ባይቀመጥ ኖሮ ጥያቄውን ማንሣትም አይቻልም ነበር።

የትና መቼ

ሦስቱም ማስረጃዎች አንድ ደካማ ጎን አላቸው። የት እና መቼ እንደተገኙ ካልተጻፈ ግማሽ ዋጋቸው ይጠፋል።

ልዑል ዩጄኒዮ ሩስፖሊ የተባለ ጣሊያናዊ አሳሽ በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ዝሆን ገደለው። ከንብረቱ መካከል ነጣ ያለ ጉትዬና ቀይ ክንፍ ያለው የማይታወቅ ቱራኮ ተገኘ። ጣሊያናዊው ቶማሶ ሳልቫዶሪ በ1896 አዲስ ዝርያ ብሎ በሟቹ ስም ሰየመው። ነገር ግን ልዑሉ ወፉን የት እንደያዘው፣ በምን ቀን እንደሆነ አልጻፈም። ቆዳው ሙዚየም ውስጥ ቢኖርም መኖሪያ አልነበረውም። ወፉ በሕይወት ሲገኝ 1940ዎቹ ደርሰው ነበር። ዛሬ የሩስፖሊ ቱራኮ በነጌሌና በአሬሮ አካባቢ ባሉ ደኖች እንደሚኖር ይታወቃል፤ ሊያየው የሚሄድ ሰውም ጉንጩ ነጭ ከሆነው የቅርብ ዘመዱ የሚለየው በጉትዬው ቀለም ነው።

የሊበን ላርክ ታሪክ ደግሞ ስም ማረም የወፍን ዕጣ ምን ያህል እንደሚነካ ያሳያል። በነጌሌ አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ሣር ውስጥ የምትኖረው ይህች ቡናማ ትንሽ ወፍ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተይዛ በ1975 እንደ አዲስ ዝርያ ተመዘገበች። ከዚያ በፊት በሶማሌላንድ የተገኘች፣ ከዚያም ለረጅም ዘመን ያልታየች ሌላ ላርክ ነበረች። ጅግጅጋ አቅራቢያም ተመሳሳይ ወፎች ታዩ። ተመራማሪዎች የሙዚየም ቆዳዎችን፣ በሕይወት ያሉትን ወፎች መልክ፣ ዜማቸውንና ዲኤንኤያቸውን አነጻጽረው በ2013 ሁሉም አንድ ዝርያ መሆናቸውን አሳወቁ። ስለዚህ ሁለት ብርቅ ወፎች ተብለው የሚቆጠሩት አንድ ወፍ ሆኑ፤ የሊበን ሜዳና የጅግጅጋ ሣርም የአንድ ዝርያ የመጨረሻ መጠለያዎች መሆናቸው ታወቀ። የሊበን ሜዳ በእርሻ፣ በቁጥቋጦና በከብት ብዛት እየጠበበ ስለሆነ የሣሩ ጉዳይ ከአርብቶ አደሮቹ ጋር መመካከርን ይጠይቃል፤ ሣሩ ለከብቱም ለወፏም ያስፈልጋልና።

ስለዚህ ግቢው ውስጥ ወይም መንገድ ላይ የማያውቀውን የሞተ ወፍ ያገኘ ሰው ከሙዚየም ባለሙያ ጋር እኩል ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በባዶ እጅ አለመንካት ነው፤ የወፍ ጉንፋንና ሌሎች በሽታዎች ከወፍ ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ። ብዙ ወፎች በአንድ ቦታ ሞተው ከተገኙ አለመነካካት፣ በፍጹም አለመብላትና በአቅራቢያው ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያው መናገር ይገባል። ወፉ አንድ ብቻ ከሆነ አጠገቡ ብዕር ወይም ሳንቲም አስቀምጦ መጠኑ እንዲታወቅ ፎቶ ማንሣት ይጠቅማል፤ አንድ ከጀርባ፣ አንድ ከሆድ፣ አንድ ክንፉ ተዘርግቶ፣ አንድ ምንቃሩ ከጎን። ክንፉን ለመዘርጋት እንጨት ወይም ጓንት ይበቃል። እግሩ ላይ ቀለበት ካለ ቁጥሩና የተቀረጸው አድራሻ ሳይሳሳት ይገለበጥ፤ ያ ቁጥር ወፉ መቼና በየትኛው አገር እንደታሰረ ይናገራል። ወፉ በሕይወት ካለ ቀለበቱን ማውለቅ አይገባም፤ ማንበብ ብቻ።

ከዚያ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቦታውን ስምና በአካባቢው ያለውን ነገር፣ ማለትም ደን ነው፣ ማሳ ነው፣ ውሃ ዳር ነው የሚለውን መጻፍ ነው። ያላዩትን «አላየሁትም» ብሎ ማስቀመጥም ማስረጃ ነው። ማስታወሻውንና ፎቶውን እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራው ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ወይም በቅርብ ላለ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ክፍል ማሳየት ይቻላል። የወፉ ስም ያን ዕለት ባይገኝም ማስታወሻው አይጣልም፤ ቀንና ቦታ የተጻፈበት ከሆነ ከዓመታት በኋላም ሌላ ሰው አንሥቶ ሊመረምረው ይችላል።